እባካችሁ ፎርማት አታድርጉት

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። ድምፁ ተጨንቋል። «ላፕቶፔን ማታ አፕዴት ሲያደርግ ትቼው ተኛሁ፤ ጠዋት ስከፍተው ሰማያዊ ስክሪን ሆኗል። አጥፍቼ ባበራውም ያው ነው። እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው ነው፣ የእኛን እየለዩ እያጠፉብን ነው፤ ለሕዝብ ይነገር» አለኝ። ስንት ሰው እንዲህ ብሎኛል መሰላችሁ! ይነገር ከተባለ እኔም የማውቀውን ልናገር።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሳያገኝ ስንት ወር እንደከረመ እናውቃለን። የሥራ ማስታወቂያ ሳናይ ያለፈን፣ ውጭ ያለ ዘመዳችንን ድምፅ ሳንሰማ የከረምን ሰዎች ነን። እንዲህ የተደረገ ሰው ኮሽ ባለ ቁጥር ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን ወገን፣ ሁሉን ነገር ደባ ካልን እውነተኛውን በደላችንን ስንናገር ማን ያምነናል? ይሄኛው ደባ አይደለም።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የሚባል የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ ስህተት ያለበት አፕዴት ላከ። ነቅቶ ያቆመው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነው። በዚያች ጊዜ ግን 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። አየር መንገዶች በሺዎች የሚቆጠር በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አጠፉ። ያ ሁሉ የመጣው ከራሱ ከዊንዶውስ አፕዴት ሳይሆን ከጥበቃ ሶፍትዌር ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ተበላሽቶ መነሳት ያቅተዋል። መድኃኒቱስ ምን ነበር? ባለሙያ እየዞረ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነስቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት። ሁሉም ፎርማት ይደረግ ያለ የለም።

ሩቅ አንሂድ። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ሰው አካውንቱ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣ አደረ። በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ስር ሰልፉ ትዝ ይላችኋል። ባንኩ የወጣበትን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎ፣ ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ መሆኑን ተናገረ። (ስህተቱ የሲስተም ሆኖ ስምና ፎቶው የተለጠፈው ግን ገንዘቡን ያልመለሰው ደንበኛ ነው። እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

የእኛ ላፕቶፖች የሚታመሙበት ምክንያት ከዚህም ቀላል ነው። አፕዴት ሲጫን የሲስተሙን ፋይሎች ይቀያይራል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ፣ ባትሪውም የሞተ ቢሆን፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። መብራት ደግሞ እንዴት እንደሚሄድ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ሲ ድራይቭ በፊልም ታጭቆ ቦታ ካጣም እንዲሁ ነው። አብዛኞቻችን የጫንነው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ መሆኑን ደግሞ እርስ በርሳችን አንደባበቅ፤ የክራክ መሣሪያው የሲስተም ፋይል ነክቶ ከሆነ አፕዴቱ ሲመጣ ይጋጫል። ኢንተርኔት መዘጋቱም የራሱ ድርሻ አለው፦ ለወራት ኔትወርክ ያላየ ኮምፒውተር ዳታ ሲለቀቅ የተጠራቀመውን በአንዴ ሊውጥ ይሞክራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ብልሽቱ አይደለም፣ ከብልሽቱ በኋላ የምናደርገው ነው። ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ሦስት ሆነን ዳባትና ጃናሞራ ድረስ እየሄድን ከሽማግሌዎች ድምፅ ቀድተን ነበር፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የአርበኝነት ዘመን ታሪክ፣ የመሬትና የርስት ነገር፣ ቀረርቶና ፉከራ። 14 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሁሉም አንድ ላፕቶፕ ላይ። ከአፕዴት በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ሲያመጣብን ከተማችን ውስጥ አንድ ጥገና ቤት ሰጠነው። ልጁ ምንም ሳይጠይቅ ፎርማት አድርጎ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ፣ «አለቀ» ብሎ መለሰልን። እውነትም አለቀ። ካናገርናቸው ሰዎች ሁለቱ አሁን በሕይወት የሉም።

መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ስለዘረፉት ብራና እንቆጫለን፤ ልክ ነን። ያ ብራና ግን ዛሬ ለንደን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፣ ሄዶ የሚያነብ አለ። የእኛ 14 ሰዓት ለንደንም የለ፣ ጎንደርም የለ። የዘረፈንም ሰው የለም፤ ከፍለን ነው ያስጠፋነው።

ስለዚህ እናንተዬ፣ ሰማያዊ ሲሆን እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን፣ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ፐርሰንት እየቆጠረ ከሆነ ሁለት ሰዓትም ይፍጅ ተውት። በእርግጥ ቆሞ ከቀረ ግን፣ ሊነሳ ሲል የማብሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ ይዛችሁ አጥፉት። ይህን ሁለት ሦስቴ ስትደጋግሙ ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ገጹን ያመጣል። ትሩብልሹት፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አንኢንስቶል አፕዴትስ የሚለውን ግቡ። መጀመሪያ ኳሊቲ አፕዴት የሚለውን፣ ካልሆነ ፊቸር አፕዴት የሚለውን ንቀሉ፤ ይሄኛው በአብዛኛው የሚሠራው በ10 ቀን ውስጥ ነው። ፋይላችሁ አይነካም። ይህም እምቢ ካለ እዚያው ገጽ ላይ ስታርትአፕ ሪፔር አለ፣ ሴፍ ሞድም አለ። 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ከጠየቃችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ የተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፣ በስልካችሁ ገብታችሁ እዩት።

ሁሉም እምቢ ቢል እንኳ የሞተው ዊንዶውስ ነው እንጂ ፋይሉ አይደለም። ኡቡንቱ በተጫነበት ፍላሽ አስነስቶ ፋይል መገልበጥ ይቻላል፤ ዲስኩን ፈትቶ በኬዝ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘትም ይቻላል። ቢትሎከር ያለበት ከሆነ ግን ያለ ቁልፉ አይከፈትም። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ጣጣ ነው፤ አሮጌው ሀርድ ዲስክ አንዳንዴ ይመልሳል፣ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ጥገና ቤት ስትሰጡም «መጀመሪያ ፋይሌን አውጣልኝ» በሉ። ካልቻለ ይዛችሁ ውጡ፣ ምን ያፍራችኋል?

የደባርቁን ልጅ በስልክ አንድ በአንድ እየነገርኩት አስሞከርኩት። ኳሊቲ አፕዴቱን ሲነቅል ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፣ ተነሳለት። የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የእናቱ ፎቶም፣ ሁሉም እንዳለ ነው። «በቃ ከዛሬ ጀምሮ አፕዴት የሚባል እዘጋዋለሁ» አለኝ። ለዘላለም አትዝጋው አልኩት፤ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በእሱ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ፖዝ አድርገው፣ ችግር ያለበት አፕዴት እስኪታረም። ከዚያ መብራት ባለበትና ባትሪው በሞላበት ቀን ጫነው፤ ከዚያ በፊት ግን ፋይሎችህን ሁለት ቦታ ገልብጥ።

«ፍላሽ የለኝም» አለኝ። ቅዳሜ ጎንደር ይመጣል፤ 64 ጊጋ አለችኝ፣ አውሰዋለሁ። ሰማያዊ የሆነበት ካለ አብሮት ይምጣ፣ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ነኝ። ዋጋ የለውም፤ ቻርጀራችሁን ብቻ እንዳትረሱ።