የሲሳል ተተኪ አበባው ሳይታይ ይዘጋጅ

በደረቅና ድንጋያማ መሬት ለአጥር፣ ለእርከን ማጠናከሪያና ለገመድ የሚተከለው ሲሳል ከዓመታት በኋላ ከመካከሉ ረጅም ምሰሶ ያወጣል። ምሰሶው እስከ 6 ሜትር ሲመዘዝ ላየው ተክሉ የበረታ ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲሳል በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል።

ተክሉ በቅጠሉና በግንዱ ያጠራቀመውን ስኳርና ውሃ ሁሉ ለዚህ ምሰሶ ያውለዋል። በደረቅ አፈር ውስጥ ያለው ሥር ለእንዲህ ያለ ፈጣን ዕድገት የሚበቃ ውሃ ስለማያገኝ ወጪው ከጎተራው ነው። ቅጠሉ እየጠወለገ ይሄዳል፤ ቅጠል ያወጣ የነበረው እምብርት ራሱ ወደ አበባነት ስለተለወጠም አዲስ አይተካም። እንሰት የሚያለማ ገበሬ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ እንሰቱ አብቦ ሳይቆይ ነቅሎ የሚፍቀው ቆጮና ቡላው እንዳይመናመንበት ነው።

ምሰሶውን በለጋነቱ መቁረጥ ተክሉን ያድነዋል የሚል አስተሳሰብ አለ። በሜክሲኮ ለመጠጥ የሚለማው የሲሳል ዘመድ ምሰሶው ይቆረጥበታል፤ እዚያ የሚፈለገው ግን በግንዱ የሚቀረው ስኳር ነው። ቃጫ ፈላጊ ቅጠል ነው የሚሻው፤ መቁረጡ ደግሞ ያለውን ቅጠል ቢያቆይ እንጂ አዲስ አያስገኝም። ይልቅስ ምሰሶ ያወጣው ተክል ቅጠሉ ሳይጠወልግ ይታጨድ።

ዋናው አደጋ ሌላ ነው። በአንድ ዘመቻ፣ በአንድ ክረምት የተተከለ ሲሳል የሚያብበውም በተቀራረበ ጊዜ ነው። ተተኪ ካልተዘጋጀለት እርከኑ በአንድነት ይራቆታል፤ ጎርፉም ቀዳዳ አያጣም። ችግኙ በመደብ ቆይቶ፣ ተተክሎም ለመጀመሪያው አጨዳ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ ምሰሶ ታይቶ መነሳት መዘግየት ነው።

ችግኝ በበኩሉ አይታጣም። ምሰሶው ላይ በርካታ ትናንሽ ችግኞች ስለሚበቅሉ ለዚህ ጥቂት ምሰሶዎችን መተው ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ወደ ታንጋኒካ የገባው ሲሳል በሕይወት የደረሰው 62 ተክል ብቻ ሲሆን፣ የአገሪቱ ሰፊ የሲሳል እርሻ መነሻ የሆነው ይኸው ነው። ከዚያም በላይ ሲሳል ከማበቡ አስቀድሞ ከሥሩ ቀንበጥ ይሰጣል። የቀበሌው መሪዎች የእያንዳንዱን እርከን የተከላ ዓመት በመዝገብ ይዘው፣ ቀንበጡን ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ በአሮጌው ረድፍ መካከል ማስተከል ይኖርባቸዋል።