የሞተረኛውን ጥድፊያ የሚተምነው ማን ነው? ለሞተር ባለንብረቶችና ለዴሊቨሪ ድርጅቶች ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



የሞተር ሳይክል አደጋ በደረሰ ማግስት የሚነሣው ወሬ ከሞላ ጎደል ስለ ነጂው ብቻ ነው፤ ይበር ነበር፣ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር፣ ሲኖትራክ ሊቀድም ሲል ነው ይባላል። የተባለው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አደጋው በደረሰበት ሰዓት ሞተሩ ላይ ያልነበረ፣ ሆኖም ሞተሩ በዚያ ቀን በምን ያህል ጥድፊያ መነዳት እንዳለበት ገና ከማለዳው የወሰነ ሌላ ሰው አለ፤ ስሙም ከሊብሬው ላይ ለመዝገብ ከመገልበጡ በቀር አይነሣም። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው፦ በወላይታ ሶዶ፣ በዲላ፣ በሆሳዕናና በመሰል ከተሞች ሞተር ገዝቶ ወጣት በቀን ገቢ ለሚያሠራ ባለንብረት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ምግብና ዕቃ በሞተር ለሚያደርሱ፣ በተለምዶ ዴሊቨሪ ለሚባሉ ድርጅቶች ኃላፊዎች።

የቀን ገቢ ማለት ነጂው ተሳፋሪ አገኘም አላገኘ፣ ፀሐይ ወጣም ዝናብ ጣለ፣ ማታ ሞተሩን ሲመልስ ለባለንብረቱ የሚያስረክበው ቁርጥ ገንዘብ ነው፤ የነዳጁና የጎሚስታው ተከፍሎ፣ ገቢው ከሞላ በኋላ የተረፈው ብቻ የነጂው ይሆናል። ስሌቱ ወረቀት ላይ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጀመረ ዝናብ ለሁለት ሰዓት ሥራ ሲያስፈታ፣ የጠፋው ሁለት ሰዓት ከባለንብረቱ ድርሻ ላይ ስለማይቀነስ፣ ነጂው ካባራ በኋላ የሚያካክሰው ከየጉዞው ደቂቃ በመስረቅና አንድ ሰው በሚጫንበት ሁለት ሰው በማፈናጠጥ ነው፤ ያውም አቧራና የፈሰሰ ዘይት ከውሃ ጋር ተደባልቆ አስፋልቱን በሚያንሸራትትበት፣ ኮብልስቶኑም እንደ ሳሙና በሚሆንበት ሰዓት። ዴሊቨሪውም ከዚህ አይርቅም፤ ክፍያ በደረሰ ትዕዛዝ ቁጥር በሚታሰብበትና ደንበኛው ስልኩ ላይ ደቂቃ በሚቆጥርበት አሠራር፣ ቀይ መብራት ላይ መቆም ከነጂው ኪስ የሚወጣ ወጪ ነው። የነጂው ጥድፊያ እንግዲህ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ተተምኖለት የተሰጠ ሥራም ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ነጂው ድንገት ከፊቱ የገባ አህያ ወይም ከመታጠፊያ ብቅ ያለ ባጃጅ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ ሞተሩ ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምረው ያን ሁሉ ሜትር ካለፈ በኋላ ነው። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 ሲያድግ ደግሞ በግጭቱ የሚለቀቀው ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ጉልበት መኪና በቆርቆሮውና በቀበቶው ሲከፋፈለው፣ በሞተር ላይ የሚቀበለው የነጂው አጥንት ነው። ፍሬን አያያዝም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው በእጅ የሚያዘው የፊት ፍሬን ሆኖ ሳለ፣ ሜዳ ላይ ከጓደኛው የለመደ ወጣት የፊቱ ይገለብጣል ተብሎ ስለሚነገረው በእግሩ የኋላውን ብቻ ይረግጣል፤ የኋላው ጎማ ይያዝና ሞተሩ በጎኑ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሃሪ ሀርት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን መርምረው ባወጡት ጥናት፣ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። በዚያው ጥናት፣ ሌላ ተሽከርካሪ በነበረበት ግጭት ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ ቅድሚያ የከለከለው የሌላው ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ሞተሩን ፈጽሞ አላየውም፣ ወይም ያየው ከረፈደ ነው። የቸኮለ ሞተረኛ እንግዲህ የሚጣደፈው ገና ባላየው ሰው ፊት ነው።

ስለ ሄልሜት፣ በመጽሐፍ አማርኛ የራስ ቁር ስለሚባለው፣ ብዙ ይነገራል፤ የሚነገረው ግን ስለ ቅጣቱ እንጂ ስለ አሠራሩ አይደለም። ጭንቅላትን ከሚያድኑት ክፍሎች ዋናው የውጪው ጠንካራ ቅርፊት ሳይሆን ከውስጥ ያለው ፎም ሲሆን፣ ሥራውም ግጭት ሲደርስ ራሱ እየተጨፈለቀ ጭንቅላቱ በአንድ ጊዜ ድርቅ ብሎ እንዳይቆም ማድረግ ነው። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም አይመለስም፤ ስለዚህ ወድቆ የተመታ ሄልሜት ከላይ ተወልውሎ ለሚቀጥለው ነጂ ሲሰጥ የሚሰጠው ባዶ ቅርፊት ነው። የአገጩ ማሰሪያ ካልታሰረም ሄልሜቱ ከሰውየው ቀድሞ አስፋልት ላይ ይደርሳል፤ በየአደባባዩ ትራፊክ ፖሊስ ሲያዩ ብቻ የሚያጠልቁ፣ ስልካቸውን በጉንጫቸውና በሄልሜቱ መካከል ሰክተው የሚነዱ ነጂዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ የቀደሙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘነ የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ከኋላ ስለምትፈናጠጠው መንገደኛ ግን ማንም አያነሣም። ሕፃን አቅፋ በጎን የተቀመጠች እናት፣ የነጠላዋ ጫፍ ከኋላ ጎማው ሽቦ አንድ ስንዝር ርቆ እየተውለበለበ፣ እጇ የሚይዘው የነጂውን ጃኬት ብቻ ሆኖ ስታልፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ነጠላው ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ ወደ ኋላ ጎትቶ ይጥላታል፣ ራሷ ላይም ምንም የለም። በኪጋሊ የሞተር ታክሲ ነጂ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ ይዞራል። ኪጋሊም የሀብታም አገር ከተማ አይደለችም።

ሕግ እስኪያስገድድ መጠበቅ እንደማያስፈልግ አንድ የቆየ ታሪክ ያስረዳል። ሂዩ ኬርንስ የተባሉት የአንጎል ቀዶ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መልእክት የሚያመላልሱ የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1941 ጽሑፋቸውን ባወጡ ጊዜ፣ ጦሩ በዚያው ዓመት ሞተረኞቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ፤ የእንግሊዝ ሕግ ማንኛውንም ሞተረኛ ያስገደደው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በሌላ አነጋገር አሠሪው ሕጉን በ32 ዓመት ቀድሞታል።

በኢትዮጵያ ግን ሕጉ ባለንብረቱን አስቀድሞ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው የተገጨውን ሌላ ሰው ለመካስ የቆመ ነው፤ እግሩ ተሰብሮ ለወራት ከሥራ የሚቀረውን ነጂ አይመለከትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ቢያዝም፣ ነጂው «ሠራተኛ» ሳይሆን «ተባባሪ» ወይም «ተከራይ» ተብሎ ሲጻፍ ይህ ግዴታ በአንድ ቃል ይሸሻል። ቃሉን የመረጠው ሰው ለምን እንደመረጠው ያውቃል።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስታግድ በዋናነት የተነሣው ምክንያት ቅሚያና ዝርፊያ ነበር፤ የነጂው ራስ ያን ያህል አልተነሣም። በሞተር ላይ የሚገጠመው ጂፒኤስም በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው የስርቆት መከላከያ ሆኖ ነው። ሆኖም ሞተሩ የት እንዳለ የሚናገረው መሣሪያ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድም ይናገራልና፣ ጂፒኤስ ያስገጠመ የድርጅት ኃላፊ ነጂው መሀል ከተማ ውስጥ 80 ሲነዳ አላየሁም ሊል አይችልም፤ ቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከባለንብረቶችና ከኃላፊዎች የሚጠየቀው ሞተር እንዲያቆሙ አይደለም፤ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በእርሱ ነው። የሚጠየቀው ማሰሪያው የሚሠራ፣ ከዚህ በፊት ያልወደቀ ሄልሜት፣ ከእርሱም ጋር የተሳፋሪ ሁለተኛ ሄልሜት ከቁልፉ ጋር አብሮ እንዲሰጥ፣ ሞተሩ ከመለቀቁ በፊት የፊት ፍሬንን በወጉ መያዝ የሚያሳይ ሰው ለአንድ ቀን እንኳ እንዲመደብ፣ በትዕዛዝ ቁጥር የሚከፈለውም ክፍያ ከጂፒኤሱ የፍጥነት መዝገብ ጋር እንዲተያይ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የክረምቱ ነገር አለ፦ ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ከቀትር በኋላ መውረድ ሲጀምር፣ በዚያ ቀን ማታ የሚጠየቀው ገቢ እንደ በጋው ሙሉ ይሁን ወይስ ከፊሉ ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው ባለንብረቱ ነው፤ ነጂውም ካባራ በኋላ ያን እርጥብ ቁልቁለት በምን ፍጥነት እንደሚወርድ የሚወስነው መልሱን ይዞ ነው።