የሚስትህን ስልክ ከመፈተሽህ በፊት ልብህን ፈትሽ



ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ በጉባኤ ብዙ የሚሰበክ፣ በቤት ውስጥ ግን ብዙም የማንነጋገርበት ነው። እርሱም በባልና በሚስት መካከል ስላለ ታማኝነትና ስለ አሳብ ንጽሕና ነው። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ወታደር ነበርሁ፤ ከዚያም በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምሬ በዚያው እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ነገር ግን በክርስቶስ የማምን ሰው እንደ መሆኔ፣ ይህ ትምህርት በመካከላችን ተገልብጦ ሲነገር ስለምሰማ የሚሰማኝን ልጽፍ ወደድሁ።

ተገልብጦ ስል ምን ማለቴ ነው? ጌታ በተራራው ስብከት፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቁጥር 27 እስከ 30፣ ዝሙት የሚጀምረው በልብ እንደ ሆነ፣ ሴትን ሊመኛት ብሎ የሚመለከት ሰው በልቡ እንደ ፈጸመው እንደሚቆጠር አስተማረ። ይህን ቃል ይዘው አንዳንድ ወንዶች ምን ይላሉ? «እንግዲያው ሴት ልጅ አለባበሷን ታስተካክል፣ ከወንድ ጋር አትሳቅ፣ ስልኳን ለባሏ ታሳይ» ይላሉ። በሥራ ቦታም፣ በሠርግ ቤትም፣ ከጸሎት በኋላ ሻይ ሲጠጣም ይህን ሰምቻለሁ።

እስኪ ቃሉን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ጌታ የሚናገረው ለሚያየው ሰው ነው። ስለምትታየው ሴት አለባበስ በዚያ ቦታ አንድም ቃል አልተናገረም። ስለሚያሰናክል ዓይንና ስለሚያሰናክል እጅ የሰጠው ያ ጠንካራ ምሳሌም ስለ ራስህ ዓይንና ስለ ራስህ እጅ ነው። ትምህርቱ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ልብ እንዲፈትሽበት የተሰጠ ነው፤ እኛ ግን የሰው ልብ መፈተሻ አድርገነዋል። የዛሬው ጽሑፌ ዋና አሳብ ይኸው ነው።

ወታደር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጥበቃ ስንመለስ መጀመሪያ የምናደርገው የራሳችንን ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። የራሱን መሣሪያ ሳያይ የጓደኛውን ሊቆጣጠር የሚሄድ ሰው ለሁሉም አደጋ ነው።

አይሁድ የሆኑ ዘመዶቻችን ይህን «የክርስቲያኖች ነገር» ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ሥሩ ኦሪት ውስጥ ነው። ከዐሥሩ ትእዛዛት የመጨረሻው (ዘፀአት 20፥17) የባልንጀራን ቤትና ሚስት መመኘትን ይከለክላል። ምኞትን የትኛው ፖሊስ ይይዛል? የትኛው ምስክር ያየዋል? ሰውና እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቁት ትእዛዝ ነው። ጌታ ያደረገው «አታመንዝር» የሚለውን ትእዛዝና «አትመኝ» የሚለውን አንድ ላይ ማያያዝ ነው። ወንጌሉ በግሪክኛ ሲጻፍ ለመመኘት የገባው ቃል፣ ኦሪት ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም በዚያ ትእዛዝ ላይ ከገባው ቃል ጋር አንድ ነው። በአማርኛችንም ሁለቱም መመኘት ነው።

በሠራዊት ውስጥ አብረውኝ የነበሩ ሃይማኖተኛ ልጆች ከዩኒፎርማቸው ሥር ጺጺት ይለብሱ ነበር፤ በልብስ ጫፍ ላይ ያለውን ዘርፍ ማለቴ ነው። ለምን እንደሚለበስ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 ይናገራል፤ ሰው ዘርፉን እያየ ትእዛዛቱን እንዲያስብ፣ ልቡንና ዓይኑን ተከትሎ እንዳይባዝን ነው። ይህ ክፍል ጠዋትና ማታ በሚነበበው በሽማዕ ጸሎት ውስጥ አለ። ልብ በሉ፤ ዘርፉ የታሰረው በራሱ በሰውዬው ልብስ ላይ ነው። ኢዮብም በምዕራፍ 31 መጀመሪያ ላይ ድንግሊቱን እንዳይመለከት ከራሱ ዓይን ጋር ቃል ኪዳን እንደ ገባ ይናገራል።

በጎንደር በነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች ንጽሕና ትልቅ ነገር ነበር። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ በመርገም ጎጆ ትቆይ ነበር፤ ከባዕድ ጋር የተነካካ ሰው በውኃ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ያንን አላናንቅም፤ ሕዝቡን ጠብቆ ያቆየ ነገር ነው። ነገር ግን የንጽሕና ሸክም አብዛኛው በሴቷ ሰውነት ላይ ነበር። የልብ ንጽሕና ግን ለወንዱም እኩል ሸክም ነው። ለእርሱ ለብቻው የሚሠራ ጎጆ የለም፤ ልቡን ይዞት ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ታዲያ አሳብ በመጣ ቁጥር ኃጢአተኛ ነን ማለት ነው?» የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ በዚህም ተስፋ የቆረጡ አሉ። አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ኃጢአት በኃልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ይፈጸማል ብለው ያስተምራሉ። ከጥንት መምህራንም አውግስጢኖስ የተራራውን ስብከት ሲተረጉም ሦስት ደረጃ አስቀምጧል፤ አሳቡ ይመጣል፣ ልብ ይጣፍጠዋል፣ ከዚያም ሰው ይስማማበታል። የሚያስጠይቀው መስማማቱ ነው። በእኛ አገር ቋንቋ ልንገራችሁ፤ በደጅ ያለፈ መንገደኛ እንግዳህ አይደለም። ጠርተህ፣ አስቀምጠህ፣ አቦል ቶና በረካ ያፈላህለት ግን እንግዳህ ነው። ሌሊት ሁሉ ተኝቷል ሲባል ስልኩን ይዞ የማይገባ ነገር የሚያይ ሰው፣ አሳቡ ድንገት መጣብኝ ማለት አይችልም። ጀበናውን የጣደው ራሱ ነው።

በሙያዬም ይህን አያለሁ። በግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ መጋጠሚያው ሲላላ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ሽፋኑ ይቀልጣል፤ እሳቱን የምናየው በመጨረሻ ነው። የቤቱ ሰው «እሳቱ ድንገት ተነሣ» ይላል። ሽቦው ግን ወራት ሲግል ኖሯል። ንጉሥ ዳዊትም በ2ኛ ሳሙኤል 11 ላይ ከሰገነት ሆኖ አየ፣ ጠየቀ፣ ላከ፣ አስመጣ፤ መጨረሻው የኦርዮ ሞት ሆነ። ቤርሳቤህን ማን አያት ብሎ የጠየቀ ነቢይ የለም፤ ናታን የመጣው ወደ ዳዊት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ንጹሕ ያልሆነ አሳብ ስንል ሁላችንም የምናስበው ምኞትን ነው። ጥርጣሬስ? ሚስቱን ቀን ሙሉ በአሳቡ ከሌላ ወንድ ጋር የሚያስተኛ ሰው ልቡ ንጹሕ ነው? በዓይኑ ያላየውን ሥዕል በልቡ እየሣለ፣ ደጋግሞ እያየው፣ እየተቃጠለ ይውላል። ይህም ጀበና ጥዶ እንግዳ ማስቀመጥ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ተረት አለን። ለገበያ ጥሩ ምክር ነው፤ በሬ ስትገዛ ጥርሱን እይ። ትዳር ግን ገበያ አይደለም።

ይህ ጥርጣሬ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። ብዙ ቤተሰብ ተለያይቶ ኖሯል። የሙሴ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በጥር 1985 ወሬው ወጥቶ በድንገት ሲቋረጥ ባል እስራኤል፣ ሚስት ጎንደር የቀሩበት ቤት ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል እስኪያመጣ ድረስ ስድስት ዓመት ያህል የጠበቁ አሉ። ደብዳቤ እንኳ በጭንቅ በሚደርስበት ዘመን ታማኝ ሆነው የተገናኙ አሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። ዛሬም ባሏን እየጠበቀች በጎንደርና በአዲስ አበባ ያለች፣ ባሏን አገር ቤት ትታ በቤይሩትና በዱባይ የሰው ቤት የምትሠራ አለች። ቀጥሎ ደግሞ እዚህ ስንመጣ ሴቶቻችን ሥራ ወጡ፣ ቋንቋ ለመዱ፣ የራሳቸውን ደመወዝ ያዙ። አባወራው ልጁ እያስተረጎመለት ደብዳቤውን የሚያነብ ሆነ። ክብሩ የተነካ ሰው ጥርጣሬ ቶሎ ይገባዋል።

አገር ቤት ጠብ ሲነሣ ሚስት ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄድ፣ ሽማግሌ በመካከል ይገባ፣ ቁጣው እስኪበርድ ጊዜ ይገኝ ነበር። እዚህ ግን ሽማግሌዎቹ በየከተማው ተበትነዋል፤ ባልና ሚስት በአንድ ጠባብ ቤት በር ዘግተው ይቀራሉ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ በእስራኤል ከሕዝቡ ከመቶ ሁለት እንኳ አንሞላም፤ በባሎቻቸው ከተገደሉት ሴቶች መካከል ግን የእኛ እኅቶች ድርሻ ከቁጥራችን በላይ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ታይቷል። ጋዜጦች «ባህላቸው ነው» ሲሉ ያመኛል፤ ባህላችን አይደለም። ባህላችን ሽማግሌ ነው። ነገር ግን «ቀናሁ» የሚለው ቃል በመካከላችን እንደ ምክንያት የሚሰማ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኛ የሰሚዎቹም ነው።

ኦሪት ስለ ቅናት ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? በዘኍልቍ ምዕራፍ 5 የቅናት መንፈስ የመጣበት ባል ሚስቱን ወደ ካህኑ እንዲያመጣ ታዟል። ሥርዓቱ ለዛሬ ሰው ከባድ ነው፤ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ፍርዱ ከባልየው እጅ ወጥቷል። በራሱ እጅ እንዲያደርግ የተፈቀደለት ነገር የለም። የአይሁድ መምህራንም በታልሙድ፣ ያ ውኃ ሚስቲቱን የሚፈትናት ባልየው ራሱ ከበደል ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው ብለው አስተማሩ። ሚሽና እንደሚለው አመንዝሮች በበዙ ጊዜ ሥርዓቱ ቀረ፤ ያስቀረውም ራባን ዮሐናን ቤን ዘካይ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታ ድንጋይ ለያዙት ሰዎች የተናገረውም ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው፤ በመጀመሪያ ራሳችሁን ተመልከቱ ነው ነገሩ።

ደግሞም ዮሴፍን አስቡ። በማቴዎስ ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈ እጮኛው ማርያም አብረው ሳይሆኑ ፀንሳ ተገኘች። ከእርሱ የበለጠ ለመጠርጠር ምክንያት የነበረው ማን ነው? ገና መልአኩ ሳይገለጥለት፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ ያሰበው በሰው ፊት ሳያዋርዳት በስውር ሊተዋት ነበር። ወንጌሉ ጻድቅ የሚለው እንዲህ ያለውን ወንድ ነው። በየሠርጉ ላይ ስለ ሣራና ስለ ርብቃ ለሙሽራዋ እንሰብካለን፤ ለሙሽራውስ ዮሴፍን ማን ይሰብክለታል?

«እንግዲያስ ሚስቴ በእውነት ብትወሰልት ዝም ልበል?» የሚል ይኖራል። ዝም በል አላልሁም። ታማኝነት ከሁለቱም ይፈለጋል፤ እኅቶቼም ባላችሁን በስልክ ከምታዩት ሰው ጋር በልባችሁ እያወዳደራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ቃሉ ለእናንተም ነው። በእውነት የፈረሰ ነገር ካለ በፊቷ ተናገር፣ ሽማግሌ ጥራ፣ ካልሆነም በሕግ ተለያዩ። መለያየት ያማል፤ ግን ሰው ከመለያየት ይድናል፣ ልጆችም እናታቸው በሕይወት ትኖርላቸዋለች።

ወንድሜ ሆይ፣ በተግባር እንዲህ ብታደርግ እላለሁ። ጥርጣሬ ሲገባህ በድብቅ አትሰልል፤ ቀን በብርሃን፣ ልጆች በሌሉበት፣ ረጋ ብለህ ጠይቃት። መልሷን ከሰማህ በኋላ ያንኑ ሥዕል በልብህ ደግመህ አትሣል። ለነፍስ አባትህ፣ ለቄስህ ወይም ለምታምነው ሽማግሌ ተናገር፤ የተነገረ አሳብ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቁጣህ ወደ እጅህ ሲወርድ ከተሰማህ ግን ምንም ሳትናገር ከቤት ውጣ፣ ወንድምህ ዘንድ እደር። በእስራኤል በስልክ ቁጥር 118 የሚገኘው የበጎ አድራጎት ሚኒስቴር መስመር ለሚመታውም ለምትመታዋም ነው። እኅቴ ሆይ፣ አደጋ ከመጣ ገመና ይሸፈናል ብለሽ አትጠብቂ፤ 100 ፖሊስ ነው። ጎረቤቶችም ጩኸት ሰምተን «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብለን በራችንን አንዝጋ።

ክርስቶስ ልባችን ንጹሕ እንዲሆን የጠየቀን ቤታችን የሰላም ቦታ እንዲሆን ነው። ሚስት ባሏ ሲገባ የእግሩን ድምፅ ሰምታ የማትደነግጥበት ቤት፣ የልብ ንጽሕና የታየበት ቤት እርሱ ነው።

እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ። የተለያያችሁትን በሰላም ያገናኛችሁ። ቸር ሰንብቱ።