ቧንቧው ሲጮህ አትልመዱት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ጨፋ ሮቢት፣ አክስቴ ቤት ተኝቻለሁ። በድንገት ግድግዳው «ዱ ዱ ዱ ዱ» ማለት ጀመረ። እዚህ አካባቢ በመንቀጥቀጥ አይቀለድም፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ስልኬን አንስቼ ልሮጥ ስል አክስቴ ከጓዳ «ተኛ ልጄ፣ ውሃው መጥቶ ነው» አለችኝ። ተነስታ መዝጊያውን ዘጋችው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጠዋት ግን ልጇ ጄሪካን ይዛ ወጣች። ለካ ድምፁ ልጆቹን ስለሚያስደነግጥ አክስቴ ለወራት ውሃው በመጣ ቁጥር ትዘጋው ነበር። ሮቶው ባዶ፣ ቤተሰቡ የጄሪካን ውሃ ገዢ። ያናደደኝ ይሄ ነው። ችግሩን ከመጠገን ይልቅ ራሳችንን ከውሃው መከልከል ይቀለናል።

የቧንቧ ጩኸት ጅንም አይደለም፣ «የቤቱ ዕድል»ም አይደለም። ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም በድምፁ ይታወቃል።

ሩቢኔቶ ስትዘጉ አንዴ «ዷ!» ካለ፣ እየሮጠ የነበረው ውሃ በድንገት ሲቆም የሚፈጥረው ምት ነው፤ ባለሙያዎች «የውሃ መዶሻ» ይሉታል። ሩሲያዊው ዡኮቭስኪ ከ120 ዓመት በፊት በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ሞክሮ ስሌቱን አሳይቷል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በቅጽበት ቢቆም 13 ባር ገደማ ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። 130 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ታንከር የሚሰጠውን ያህል ማለት ነው! በፕላስቲክ ቧንቧ ያንሳል፣ ግን መገጣጠሚያ ማላላቱ አይቀርም። መፍትሔው ቀስ ብሎ መዝጋትና ቧንቧውን ግድግዳው ላይ በደንብ ማሰር ነው።

ስትከፍቱ «ድርርር» እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ተበልቷል ወይም ላልቷል። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘግታችሁ መቀየር ነው።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ «ፉፉፉ» እያለ የሚተፋ ከሆነ አየር ነው። በፈረቃ ውሃ የምናገኝ ሰዎች ሁላችንም እናውቀዋለን። ዋናውን መዝጊያ በጥቂቱ ከፍታችሁ፣ ከፍ ብሎ ያለውን ሩቢኔቶ ክፈቱና አየሩ ይውጣ።

ሮቶ ሊሞላ ሲል የሚያጓራ ከሆነ ተንሳፋፊው ኳስ እየዘለለ ውሃውን ሲከፍት ሲዘጋ ነው። ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ በመዝጊያው ቀነስ አድርጉ፤ ካልተሻለው ኳሱን ከነመዝጊያው ቀይሩ።

ሁሉም ተዘግቶ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ካልቆመ ግን አትተኙ። የቆጣሪውን ፎቶ አንሱ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙ። ቁጥሩ ከተቀየረ ውሃ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ የምትከፍሉትም እናንተ ናችሁ።

እዚህ ላይ ስልካችሁ ከቲክቶክ ሌላ ሥራ አለው። ድምፁን ቅረጹት። ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ ውሃው ሄዶ፣ ድምፁም ጠፍቶ ይሆናል፤ ቪዲዮ ካለ ግን ግድግዳ በግምት አይቆፈርም።

እኛም ጠዋት ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሌሊት የቀረጽኩትን ለሠፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ አሰማሁት። ገና ሳይጨርስ «ጎሚኒ ነው» አለ። መዝጊያው ሲፈታ ጎሚኒው ተበልቶ ተገኘ፤ ወደ ሮቶው የሚወጣው ቧንቧም በሽቦ ብቻ ታስሮ ግድግዳውን ሲደበድብ ኖሯል። አዲስ ጎሚኒ፣ አራት ማሰሪያ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ። አለቀ።

አንዳንዱ ደግሞ ድምፁንም የውሃውን ማነስም በፓምፕ እፈታለሁ ይላል። ፓምፕ ከሮቶ ወደ ቤት ይሁን፣ ችግር የለውም። ከመንገዱ መስመር በቀጥታ የሚስብ ግን የጎረቤቱን ውሃ ይነጥቃል፤ መስመሩ የተቀደደ ቦታ ካለውም ቆሻሻ አብሮ ይስባል። የራስን ቤት ዝም አሰኝቶ ሠፈሩን ማስታመም ብልህነት አይደለም።

ተከራዮችም «ቤቱ የኔ አይደለም» ብላችሁ አትለፉት። ቪዲዮውን ለአከራያችሁ ላኩለት። ግድግዳው ከረጠበ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ከጎሚኒ ዋጋ ይበልጣል። የምትገነቡም፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቧንቧው መታሰሩን በዓይናችሁ እዩ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

በማግስቱ ሌሊት ውሃው መጣ። የተሰማው ሮቶው ውስጥ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነበር። አክስቴ ግን ለምዶባት ነቃች፤ «ዛሬ አልመጣም እንዴ?» አለችኝ።