ሥላሴን በውኃና በበረዶ?

ቲክቶክ ላይ የሥላሴ ክርክር ያልገጠመው ወጣት ያለ አይመስለኝም። አንዱ ኦንሊ ጂሰስ ላይቭ ገብቶ «እግዚአብሔር አንድ ነው፣ ሦስቱ ከየት መጣ?» ይላል። የኛው ልጅ ፈጠን ብሎ «ውኃ በረዶም እንፋሎትም ይሆን የለ!» ብሎ ይመልሳል። ላይኩ ይጎርፋል። ልጁ ግን ሳያውቀው የባላጋራውን ትምህርት ነው ያስተማረለት።

እስቲ አስቡት። ውኃ ሲቀዘቅዝ በረዶ፣ ሲፈላ እንፋሎት ከሆነ፣ ያው አንድ ነገር ነው መልኩን የቀያየረው። አብ ራሱ ወልድ ሆነ፣ መንፈስ ቅዱስም ሆነ እንደማለት ነው። ይሄን በሦስተኛው መቶ ዘመን ሰባልዮስ ብሎታል፦ አንድ አካል፣ ሦስት ስም። ኦንሊ ጂሰሶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ለዛ ነው ሐዋርያት ሥራ 2፥38ን ይዘው በኢየሱስ ስም የሚያጠምቁት፤ በሥላሴ ስም የተጠመቀውንም እንደገና ያጠምቁታል። ቤተሰብ ውስጥ ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ዮርዳኖስ ላይ ግን ወልድ ውኃው ውስጥ ቆሞ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወርዶ፣ አብ ከሰማይ ተናግሯል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ!

ኮመንት ላይ ሁሉንም «አርዮስ» ብሎ መሳደብም አይሰራም። በ325 ዓ.ም በኒቅያ የተወገዘው አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ያለው። ዛሬ ለእሱ የሚቀርቡት የይሖዋ ምሥክሮች ናቸው። ኦንሊ ጂሰስ ደግሞ ኢየሱስ ራሱ አብ ነው ባይ ነው። ተቃራኒ ናቸው እኮ!

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ይሄን ለመለየት ግን ሴሚናሪ መግባት አይጠይቅም። በዱሮው ቦረና ሳይንት፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ የጋስጫ ገዳም አለ። የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ ከ600 ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፈ ምስጢር ለሰባልዮስም ለአርዮስም ለየብቻ መልስ ሰጥቷል። አንዱን ስድብ ለሁሉም አላደለም።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከስልክ ብቻ አይመጣም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ነው፤ ቡና ላይ «ሦስት አምላክ ነው እንዴ የምታመልኩት?» ቢባል አይገርምም። የተዋሕዶ መልስ አጭር ነው፦ በባሕርይ፣ በመለኮት አንድ፤ በአካል፣ በስም፣ በግብር ሦስት። ጎረቤትህ ላይቀበለው ይችላል። ቢያንስ ግን ያልተቀበለው የአንተን እምነት ይሆናል እንጂ የበረዶውን ምሳሌ አይሆንም።