ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት ሊታይ ስለሚገባው ነገር

በኮልፌ ቀራንዮ አጠና ተራ ለቤት መሥሪያ አጠና የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት እንጨቱን አገላብጦ ቀጥ ማለቱን ያያል፤ ነቀዝ እንዳልገባበትም ይመረምራል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ለልጁ ላፕቶፕ ሲገዛ ግን ሽፋኑ አለመጫሩን፥ ባትሪውም ጥቂት መቆየቱን አይቶ ገንዘቡን ይቆጥራል። ስለ ውስጡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ከውስጡ ነገር አንዱን ብቻ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ለመግለጥ አስበናል፤ ይኸውም ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ነው። ስሙ ለአፍ ይከብዳል፤ ሥራው ግን በቤት ምሳሌ ሊነገር ይችላል።

አንድ ባለ ግቢ እንግዳ ሲመጣበት ለብቻው እልፍኝ ሰጠው እንበል። እንግዳው በእልፍኙ ውስጥ እንደ ባለቤት ሁኖ ያዝዛል፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሊገባ ያሰበ እንደ ሆነ ግን አጋፋሪው ያግደዋል። እንዲሁም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር በእንግድነት ሊኖርና ባለቤቱን ሳያውክ ሥራውን ሊሠራ ይችላል። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1959 ዓ.ም. በታላላቅ ማሽኖቹ ላይ ሠርቶበታል (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው)። በየቤቱ ያሉት ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ግን ለዚህ የተበጁ አልነበሩም፤ ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. የተቋቋመው ቪ ኤም ዌር የእንግዳውን ትእዛዝ እየተከታተለ የሚለውጥ ፕሮግራም መሥራት ግድ ሆነበት፤ ይኸውም ለእንግዳው ቃል ሁሉ አስተርጓሚ እንደ ማቆም ያለ ነው። በ1998 ዓ.ም. አስቀድሞ ኢንቴል፥ ቀጥሎም ኤ ኤም ዲ፥ ለአጋፋሪው ሥልጣን የሚሰጠውን ነገር ፕሮሰሰር በሚባለው በኮምፒዩተሩ አንጎል ውስጥ አኖሩት። ኢንቴል የራሱን ቪ ቲ ኤክስ፥ ኤ ኤም ዲም የራሱን ኤ ኤም ዲ ቪ ብለው ሰየሙት።

ይህ ለቤተሰብ ምን ይረባል የሚለን አይጠፋም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር ሁኖ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ የተባለውን ትምህርት ከከፈተ ወዲህ የአያሌ ቤተሰብ ልጆች ፕሮግራም መጻፍን ይዘዋል፤ ከትምህርቱም አንዱ ለአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራም መሥራት ነው። ይህን የሚማር ልጅ አንድሮይድ ስቱዲዮ በተባለው መሣሪያ ሲሠራ፥ የጻፈውን የሚሞክርበት ስልክ መሰል እንግዳ በላፕቶፑ ውስጥ ያስነሣል። ቨርቹዋላይዜሽን ከሌለ እንግዳው ወይ ከቶ አይነሣም፥ ወይም ትዕግሥትን እስኪያስጨርስ ድረስ ይንቀረፈፋል።

በአየር ጤና የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ለሴት ልጃቸው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተውላት ነበር። ልጅቱ የሠራችውን ልትሞክር ብትል ማሽኑ እምቢ አለ። አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝም፥ ይህ አርጅቷል፤ ሌላ ይግዙ ብሎ ስለ ነገራቸው ለክረምት ያኖሩትን ገንዘብ ለማውጣት ተነሥተው ነበር። ማሽኑ ግን ምንም አልጎደለውም፤ ችሎታው ከውስጥ ተዘግቶ ኖሯል። በኋላ ልጅቱ ራሷ ከፈተችው፤ ሥራውም ከቡና ማፍያ ጊዜ ያነሰ ነበር። የለውም ማለትና ተዘግቷል ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ሁኖ ሳለ፥ ጠጋኙ አንድ አድርጎ መናገሩ የአንድ ቤት ገንዘብ ሊያጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ምርመራው ቀላል ነው። ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት ቢጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በእርሱም ፐርፎርማንስ፥ ቀጥሎም ሲፒዩ የሚለውን ቢመርጡ፥ ከታች ቨርቹዋላይዜሽን ከሚለው ቃል አጠገብ ኢኔብልድ ወይም ዲሴብልድ የሚል ይነበባል። ፊተኛው ተከፍቷል፥ ኋለኛው ተዘግቷል ማለት ነው። ቃሉ ከቶ ካልተገኘ የፕሮሰሰሩን ስም ከነቁጥሩ ጽፎ ከሠሪው ኩባንያ ገጽ መመልከት ይገባል። በዕድሜው ብቻ አይፍረዱ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ኢንቴል አተም ኤን 270 ያለባቸው ትንንሽ ላፕቶፖች ይህ ችሎታ የላቸውም፥ ከእነርሱ የቀደሙ አንዳንዶች ግን አላቸው።

ተዘግቶ የተገኘ እንደ ሆነ መክፈቻው ባዮስ በሚባለው ስፍራ ነው። ማሽኑ ሲነሣ፥ ዊንዶውስ ሳይታይ፥ በኤች ፒ ኤፍ 10፥ በዴል ኤፍ 2፥ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ነው። ከዚያ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን፥ በኤ ኤም ዲ ኤስ ቪ ኤም የሚለውን፥ ከፍቶና አስቀምጦ መውጣት ይበቃል፤ ሌላውን ባይነኩ ይሻላል። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተሰናብተው ከሚመጡት ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ባዮሳቸው በምስጢር ቃል የተቈለፈ ነው፤ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ሻጩ ገንዘቡን ሳይቀበል ባዮሱን በፊትዎ ከፍቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። አይሆንም ካለ ላፕቶፑን ለእርሱ መተው ነው። ማኅደረ ትውስታውንም በዚያው ይጠይቁ፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ብቻውን 8 ጊጋ ባይት፥ ከስልክ መሰሉ እንግዳ ጋር 16 ይፈልጋል።

ችሎታው በእውነት ከሌለውም ልጁ ትምህርቱን አይተው። በእጁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ለመሞከሪያ ይሆናል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ቢነካ ለፕሮግራም ሠሪዎች የተሰወረው ክፍል ይከፈትለታል፤ በዚያም ዩ ኤስ ቢ ዲበጊንግ የሚለውን ፈቅዶ ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኛል። ዶከር የተባለውን ለሚማር ልጅ ግን ስልኩ አይረዳውም፤ እርሱ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ይጫን፤ በሊኑክስ ላይ ዶከር ያለ ቨርቹዋላይዜሽን ይሠራልና።