በቪድዮ እመቃ ቀለም እስከ መቼ ተከታይ ይሆናል?

ቀይ ሹራብ የለበሰ ሯጭ በጥድ አጥር አጠገብ ሲያልፍ የሚያሳይ ቪድዮ በጠባብ የኢንተርኔት መስመር የተመለከተ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሯጩ ወደፊት ሲሄድ ከሹራቡ ቅላት ጥቂቱ አጥሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በመስመሩ ላይ እናላክካለን። የመስመሩ ድርሻ አይካድም፤ በከፊል ግን ችግሩ የሚመነጨው በቪድዮ እመቃ ቀለም ከተሰጠው ዝቅተኛ ቦታ ነው።

እንደሚታወቀው ዲጂታል ቪድዮ ሲታመቅ የየፒክስሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን እንዳለ አይመዘገብም። አስቀድሞ ወደ አንድ የብሩህነት ክፍልና ወደ ሁለት የቀለም ልዩነት ክፍሎች ይለወጣል። ብሩህነትንና ቀለምን ለይቶ የማስተላለፍን ሐሳብ ፈረንሳዊው ዦርዥ ቫለንሲ እ.ኤ.አ. በ1938 ለቀለም ቴሌቪዥን አቅርቦት ነበር። የሰው ዓይን የቀለምን ዝርዝር የብሩህነትን ያህል አጥርቶ ስለማያይ፣ የቀለም ክፍሎቹ በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀነሳሉ። ስለዚህ ለ4 የብሩህነት ናሙናዎች ከእያንዳንዱ የቀለም ክፍል የሚደርሰው 1 ናሙና ብቻ ነው። ይህ ብልህ ቁጠባ ነው፤ ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም።

ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አማቂው ፕሮግራም እያንዳንዱን ፍሬም እንደ አዲስ አይጽፍም። ፍሬሙን በብሎኮች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ብሎክ በቀደመው ፍሬም ውስጥ የት እንደነበረ ይፈልግና የተጓዘበትን ርቀትና አቅጣጫ በእንቅስቃሴ ቬክተር ይመዘግባል። ከዚያም በትንበያውና በእውነተኛው ምስል መካከል የቀረውን ልዩነት ያክልበታል። ታዲያ ፍለጋው በአብዛኛው የሚካሄደው በብሩህነት ላይ ብቻ ነው። ቀለም ሳይጠየቅ፣ ለብሩህነት የተገኘውን ቬክተር በራሱ መጠን አስተካክሎ ይከተላል።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በቆየው የቴሌቪዥን መስፈርት ብሩህነት የሚሰላው ቀዩን በ0.299፣ አረንጓዴውን በ0.587፣ ሰማያዊውን በ0.114 አባዝቶ በመደመር ነው። ቀዩ 200 ሆኖ ሌሎቹ ዜሮ የሆኑበት ፒክስል 59.8 ይሰጣል። አረንጓዴው 102 ሆኖ ሌሎቹ ዜሮ የሆኑበት ደግሞ 59.9 ይሰጣል። ሁለቱም ሲጠጋጉ 60 ናቸው! ለእኛ ዓይን ቀይ ሹራብና አረንጓዴ አጥር የሆነው ነገር ለብሩህነት ፈላጊው አንድ ወጥ ግድግዳ ነው። (ለከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን በወጣው መስፈርት ማባዣዎቹ ስለሚለዩ የሚመሳሰሉት ቀለሞች ሌሎች ይሆናሉ እንጂ ችግሩ አይጠፋም።) ጠርዙ ስለማይታየው አማቂው በጥቂት ቢት የሚጻፈውን ቬክተር፣ ብዙ ጊዜም ዜሮን ይመርጣል። ብሩህነቱ ትክክል ይወጣል፤ ቅላቱ ግን ባለበት ይቀራል። ስሕተቱን ሊያርም የሚገባው ቀሪ ልዩነት ደግሞ በጠባብ መስመር ላይ በመጠጋጋት ተሰርዞ ይጠፋል።

መስፈርቶቹ አልተሻሻሉም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በጸደቀው ኤች.261 የብሩህነት ቬክተር ለሁለት ተካፍሎ ክፍልፋዩ ይጣል ነበር፤ 5 ፒክስል የተጓዘ አካል ቀለሙ 2.5 የቀለም ናሙና መጓዝ ሲገባው 2 ብቻ ይሄዳል። የ2003ቱ ኤች.264 ለቀለም እስከ ስምንተኛ ናሙና የሚደርስ ጥራት ሰጠ፤ ይሁንና መካከለኛ ዋጋዎቹን የሚያሰላው ከአራት ጎረቤቶች በሚወሰድ ተራ ሚዛናዊ አማካይ ስለሆነ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። የ2013ቱ ኤችኢቪሲ የተሻለ ማጣሪያ አመጣ፤ የ2020ው ቪቪሲም ጥራቱን እስከ 1/32 አደረሰው። ቀለም ብሩህነትን በጥንቃቄ መከተልን ተማረ ማለት ነው። መሪው የት እንደሚሄድ ሲወሰን ግን ቀለም ዛሬም ድምፅ የሚኖረው አማቂውን የጻፈው ሰው ከፈቀደለት ብቻ ነው።

ለቀለም የራሱ ቬክተር ይላክለት የሚሉ ወገኖች አሉ። በበኩሌ አልስማማም። ሹራቡና ቅላቱ አብረው ስለሚሄዱ ለአንድ አካል ሁለት ቬክተር መጻፍ ቢት ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ያው አንዱ ቬክተር ሲፈለግ ቀለምንም ማማከር ነው። መስፈርቶች የሚያስሩት ፈቺውን እንጂ አማቂውን ስላልሆነ፣ ይህን ለማድረግ አዲስ መስፈርት መጠበቅ አያሻም።

ጊዜ ይወስዳል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሁለቱ የቀለም ክፍሎች ሲጨመሩ የሚነጻጸሩት ናሙናዎች በግማሽ ያድጋሉ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ኤክስ264 መካከለኛ መንገድ መርጧል፤ ዋናውን ፍለጋ በብሩህነት ብቻ ያካሂድና ቀለምን የሚያየው ቬክተሩን በሚያጠራበት የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። ከምንም ይሻላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ፍለጋ የተሳሳተ ሰፈር ከጣለን፣ እዚያው ሰፈር በር ለበር መዞሩ ምን ይፈይዳል? እኔ የምለው፣ የአንድ ብሎክ ብሩህነት ወጥ ሆኖ ቀለሙ ግን የሚለያይ ከሆነ፣ ለዚያ ብሎክ ብቻ ቀለም ከመነሻው በፍለጋው ይግባ ነው። እንዲህ ያሉ ብሎኮች በተራ ትዕይንት ጥቂት ስለሚመስሉኝ ወጪው የሚያስፈራ አይሆንም።

የመለኪያችንም ነገር አለ። ኤችኢቪሲን ከቀዳሚዎቹ ጋር ያነጻጸረው የ2012 ጥናት ለብሩህነት 6፣ ለሁለቱ የቀለም ክፍሎች አንዳንድ ነጥብ የሚሰጥ ሚዛን ተጠቅሟል። የናሙናዎቹ ብዛት እንኳ 4 ለ1 ለ1 ነው! በእንዲህ ያለ ሚዛን በአጥሩ ላይ የቀረች ቀይ ጭረት በአማካዩ ውስጥ ትሰጥማለች። ስለ ሯጭ ሹራብ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን የሚል ቢኖር፣ ከሩቅ ሆኖ የበሽተኛን ጉሮሮ በቪድዮ የሚመረምር ሐኪም የመቅላቱን ዳርቻ የሚያየው በእነዚሁ ችላ በተባሉ ክፍሎች መሆኑን ያስብ።

የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች መነሻው ቀላል ነው። ከ102 አረንጓዴ መደብ ፊት በ200 ቀይ የተሠራ አራት ማዕዘን የሚንቀሳቀስበት አጭር የሙከራ ቪድዮ አዘጋጅቶ በኤክስ264 ማመቅ፣ ከዚያም የሚወጡትን ቬክተሮች አንድ በአንድ መመልከት።